ዳኛ የሌለው እቁብ፦ ዘ ዳኦ በተባለው የጋራ ካዝና ላይ የደረሰው

ስለ ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ ስለሚያዝ የሒሳብ መዝገብ) የሚጠይቁኝ ሰዎች ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋሉ፦ እውነት አንዴ የተጻፈ አይፋቅም? አይፋቅም ብዬ እመልሳለሁ። ቀጥዬ ግን አንድ ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው፣ የተጻፈው ባለበት እንዳለ፣ ከሥሩ ሌላ መስመር ጽፈውበታል እላለሁ። ያ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ በፈረንጆቹ 2016 ነው። ጉዳዩን ብዙ ጊዜ የምሰማው እንደ ስርቆት ወሬ ሲወራ ነው። እኔ መመዝገብ የፈለግሁት ከስርቆቱ ይልቅ ከስርቆቱ በኋላ የነበረውን አንድ ወር ነው። የግለሰቦችን ስም አልጠራም፤ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

## ካዝናው

ኢቴሪየም የሚባለው መረብ ሥራ የጀመረው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ነው። ከእርሱ የቀደመው ቢትኮይን በዋናነት ማን ለማን ምን ያህል እንደላከ የሚመዘግብ የሒሳብ መዝገብ ነበር። ኢቴሪየም አንድ ነገር ጨመረበት፤ በመዝገቡ ውስጥ ፕሮግራም ማስቀመጥና ገንዘብን በፕሮግራሙ እጅ መተው ተቻለ። ይህ ፕሮግራም ስማርት ኮንትራት ይባላል። ውሉን የሚያስፈጽመው ጠበቃ ወይም ፍርድ ቤት ሳይሆን ኮዱ ራሱ ነው። ኮዱ አንዴ መረቡ ላይ ከወጣ ደግሞ ጸሐፊው እንኳ ተመልሶ ሊያርመው አይችልም።

መረቡ አንድ ዓመት ሳይሞላው ስሎክ ኢት የሚባል አነስተኛ የጀርመን ኩባንያ አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። የበር ቁልፎችን ከብሎክቼይን ጋር አገናኝቶ፣ ተከራይ ሲከፍል በሩ በራሱ የሚከፈትበትን ሥርዓት መሥራት ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ ባለሀብት ደጅ ጠንቶ ከመለመን ይልቅ አንድ የጋራ ካዝና በኮድ ጻፈ። ዘ ዳኦ የተባለው ይህ ነው። ማንም ሰው የመረቡን ገንዘብ፣ ኢተርን፣ ወደ ካዝናው ያስገባል፤ በ1 ኢተር 100 የድምፅ ቶክን (ድርሻን የሚያሳይ ዲጂታል ምልክት) ይቀበላል፤ ሽያጩ ሊዘጋ ሲቃረብ ዋጋው ቀስ በቀስ ይወደዳል። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው የሥራ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ቶክን ያላቸው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሐሳቡ ካለፈ ኮዱ ይከፍላል። ትርፍ ከተገኘ ለባለ ቶክኖቹ ይከፋፈላል።

እቁብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። በእርግጥ እቁብ በየተራ የሚደርስ እጣ ሲሆን ይህኛው ወደ አክሲዮን ያዘነብላል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ እጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዘ ዳኦ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። 11 የታወቁ ሰዎች ተቆጣጣሪ ተብለው ተሰይመው ነበር፤ ሥራቸው ግን ገንዘብ ሊቀበል የሚችለውን አድራሻ መርምሮ ማጽደቅ ነው። ሥራ አስኪያጅ የለም፣ ቢሮ የለም፣ በየትኛውም አገር የተመዘገበ ማኅበር አይደለም። ይህ ደግሞ በጊዜው የሚነገረው እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መኩሪያ ነበር።

ሽያጩ ሚያዝያ 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ተከፍቶ ግንቦት 20 ቀን ተዘጋ። በእነዚህ አራት ሳምንታት ከ11,000 በላይ ሰዎች ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢተር አስገቡ፤ በጊዜው ዋጋ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። በዓለም ላይ ከነበረው ኢተር ሁሉ 14 በመቶ ያህሉ አንድ ካዝና ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኮዱን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው ይህን ያህል አልጠበቁም ነበር።

የሽያጩ ማብራሪያ አንድ ዐረፍተ ነገር ይዟል፤ በኋላ ለመጣው ክርክር ሁሉ መነሻው እርሱ ነው። እውነተኛው ውል ኮዱ ነው ይላል፤ በማብራሪያውና በኮዱ መካከል ልዩነት ቢኖር የሚጸናው ኮዱ ነው። "ኮድ ሕግ ነው" የሚለው አባባል መፈክር ብቻ አልነበረም፤ ገዢዎቹ አምነው የገቡበት አንቀጽ ነበር። ስንቶቹ እንዳነበቡት ሌላ ጉዳይ ነው።

## ቀዳዳው

በብዙኃኑ ድምፅ ያልተስማማ አባል ድርሻውን ይዞ መውጣት ይችላል። ኮዱ ለሚወጣው ሰው አዲስ ልጅ ካዝና ይከፍትለትና ድርሻውን ወደዚያ ያዛውርለታል። ልጅ ካዝናው ውስጥ የገባው ገንዘብ ግን ወዲያው አይነካም፤ ቢያንስ 27 ቀን ይቀመጣል። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ።

ችግሩ የነበረው በማዛወሩ ቅደም ተከተል ላይ ነው። አንድ የእድር ገንዘብ ያዥ እናስብ። አባል መጥቶ ድርሻዬን ስጠኝ ይለዋል። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ያያል፤ 1,000 ብር ይላል። ቆጥሮ ይሰጠዋል። እስክሪብቶውን አንሥቶ ወጪውን ሊጽፍ ሲል ሰውየው እጁን ይይዘውና ድርሻዬን ስጠኝ ይላል። መዝገቡ እንደገና ይታያል፤ አሁንም 1,000 ብር ይላል፤ እንደገና ይከፈላል። ሰው ቢሆን በሁለተኛው ላይ ቀና ብሎ ፊቱን ያየው ነበር። ኮድ ቀና ብሎ አያይም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በኢቴሪየም ላይ ገንዘብ ተቀባዩ ሰው ብቻ ሳይሆን ሌላ ኮድም ሊሆን ይችላል። ኮድ ገንዘብ ሲደርሰው የራሱን ትእዛዝ የማስኬድ ዕድል ያገኛል። የዘ ዳኦ ኮድ የሚወጣውን አባል ድርሻ ወደ ልጅ ካዝናው ካዛወረ በኋላ፣ ነገር ግን ሒሳቡን ባዶ ከማድረጉ በፊት፣ የተጠራቀመለት ትርፍ ካለ ወደ አድራሻው ይልክለታል። አጥቂው በዚያ አድራሻ ላይ ያስቀመጠው ኮድ በዚያች ቅጽበት ልውጣ የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ያቀርባል። የዘ ዳኦ ኮድ ሒሳቡን ሲያይ ገና አልተነካም፤ ስለዚህ ድርሻውን እንደገና ያዛውራል፤ ትርፉን ይልካል፤ ጥያቄው እንደገና ይመጣል። አጥቂው በዚህ ብቻ አልረካም። ዙሩ ሲያበቃ ሒሳቡ ባዶ ከመደረጉ በፊት ቶክኖቹን ወደ ሌላ አድራሻ ያሸሻል፤ ከዚያም በእነዚያው ቶክኖች ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ኮዱ ከመውጣቱ በፊት በአንድ የደኅንነት መርማሪ ድርጅት ታይቶ ነበር። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለነበረም ብዙ ሰዎች አንብበውታል።

## ሰሚ ያጡ ማስጠንቀቂያዎች

ሽያጩ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ግንቦት 19 ቀን፣ ተመራማሪዎች በድምፅ አሰጣጡ ላይ ያዩዋቸውን ድክመቶች ዘርዝረው ካዝናው ለጊዜው ክፍያ እንዳይጀምር ጠየቁ። ሰኔ 2 ቀን ሌላ ባለሙያ ይህን ከመመዝገብ በፊት የመክፈል ችግር በስማርት ኮንትራቶች ላይ አይቶ ጻፈ። ሰኔ 5 ቀን ሠሪዎቹ ችግሩ በራሳቸው ኮድ ውስጥም እንደተገኘ አምነው፣ የዘ ዳኦ ገንዘብ ግን አደጋ ላይ አይደለም ሲሉ አስታወቁ።

ማስተካከያው እየተዘጋጀ ነበር። ሥራ ላይ የሚውለው ግን በባለ ቶክኖቹ ድምፅ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሐሳብ ድምፅ ለመስጠት ደግሞ ቢያንስ 14 ቀን ያስፈልጋል። ዳኛ ያለው እቁብ ቢሆን ካዝናው በዚያው ምሽት ይቆለፍ ነበር።

## ሰኔ 10

አርብ ማለዳ ገንዘቡ መፍሰስ ጀመረ። ከብሎክቼይን ጠባይ አንዱ ሁሉም ነገር በአደባባይ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሰዎች ካዝናው ሲጎድል በዓይናቸው እያዩ ነበር፤ የሚያስቆመው አንድም እጅ ግን አልነበረም። አጥቂው ከሰዓታት በኋላ በራሱ ጊዜ ሲያቆም 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ወደ ልጅ ካዝናው አዛውሯል። ይህ በጊዜው ዋጋ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከ20 ዶላር በላይ ሲሸጥ የነበረው ኢተር በሁለት ቀን ውስጥ ከሲሶ በላይ ዋጋውን አጣ።

በማግስቱ አጥቂው ነኝ የሚል ሰው ግልጽ ደብዳቤ አሰራጨ። ይዘቱ ባጭሩ፦ ኮዱ የፈቀደልኝን ነው ያደረግሁት፤ በውላችሁ መሠረት ገንዘቡ የእኔ ነው፤ የሚነካብኝ ካለ በሕግ እጠይቃለሁ። በደብዳቤው ሥር የሰፈረው ዲጂታል ፊርማ ሲመረመር ትክክለኛ ሆኖ አልተገኘም። ደብዳቤው ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ ያነሣው ነጥብ ግን ሐሰተኛ አልነበረም።

## አንዱ ወር

ያ የ27 ቀን መቆያ እዚህ ላይ ነው ዋጋ ያገኘው። ገንዘቡ ከዋናው ካዝና ወጥቷል፤ ከአጥቂው እጅ ግን ገና አልገባም። በመካከል የቀረው ጊዜ በሦስት ሙከራዎች አለፈ።

የመጀመሪያው እሳትን በእሳት ነበር። በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ሰኔ 14 ቀን በዚያው ቀዳዳ ገብተው፣ በዋናው ካዝና የቀረውን 7 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ሌላ ሰው ሳይቀድማቸው አወጡት። ሌባ እንዳይሰርቀው ቀድሞ መስረቅ ብንለው አንሳሳትም። ገንዘቡ ያረፈበት ልጅ ካዝና ግን የተሠራው በዚያው ኮድ ነው፤ ቀዳዳውም አብሮት ተወልዷል። ስለዚህ ይህ እፎይታ እንጂ መፍትሔ አልነበረም።

ሁለተኛው ሙከራ ሶፍት ፎርክ የሚባለው ነው። ያኔ መረቡን በኮምፒውተሮቻቸው ያንቀሳቅሱ የነበሩት ማይነሮች ሶፍትዌራቸውን አድሰው፣ ከዘ ዳኦና ከልጆቹ ገንዘብ የሚያወጣ ማንኛውንም ጥያቄ እንዳይመዘግቡ ማድረግ ነው። ጥፋተኛውን ከመቅጣት ይልቅ ማገድ ስለሆነ ብዙዎች ለዘብተኛ መንገድ አድርገው አዩት። ሰኔ 21 ቀን ግን ተመራማሪዎች አንድ ጉድ አገኙ። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን የሚያደክም ከባድ ስሌት አሠርቶ መጨረሻው ላይ የታገደውን ካዝና ቢነካ፣ ማይነሩ ስሌቱን ሁሉ ከሠራ በኋላ ጥያቄውን መጣል አለበት፤ የተጣለ ጥያቄ ደግሞ ክፍያ የለውም። በነጻ መረቡን ማዳከም ተቻለ ማለት ነው። ዕቅዱ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተተወ። ችኮላ የወለደውን ቀዳዳ በችኮላ ሊደፍኑ ሲሉ ሌላ ቀዳዳ ሊከፍቱ ነበር።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ሃርድ ፎርክ ነው። ከአንድ ከተወሰነ ብሎክ (የመዝገቡ አንድ ገጽ እንደማለት ነው) ጀምሮ፣ በዋናው ካዝናና በልጆቹ ውስጥ ያለው ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢተር፣ ያለ ባለቤቱ ፊርማ፣ ወደ አንድ መመለሻ ኮንትራት ይዛወራል፤ ባለ ቶክኖቹ መጥተው በ100 ቶክን 1 ኢተር ይወስዳሉ። ሌላው ታሪክ ሁሉ እንዳለ ይቆያል። ቴክኒኩ ቀላል ነው፤ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ሐሳቡ ግን ሰውን ለሁለት ከፈለ።

የሚደግፉት እንዲህ አሉ፦ ውል የሰዎች ፈቃድ መግለጫ ነው፤ ማንም ሰው ገንዘቤን አንድ እንግዳ ይውሰደው ብሎ አልተስማማም፤ የጽሕፈት ስህተት ሕግ አይሆንም። የሚቃወሙት ደግሞ፦ የዚህ መረብ ዋጋ ማንም፣ ሠሪዎቹም ጭምር፣ የሰውን ሒሳብ መንካት አለመቻላቸው ነው፤ ዛሬ ለተበዳይ ብለን ከነካነው ነገ ኃይለኛ ሲያዝዘን አንችልም የምንልበት አፍ አይኖረንም። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ሦስተኛ ነገርም ነበር፣ ጮክ ተብሎ ባይነገርም፦ ከ11ዱ ተቆጣጣሪዎች በርካቶቹ የኢቴሪየም ሠሪዎች ናቸው፤ በመረቡ ዙሪያ ካሉት ሰዎች ብዙዎች ቶክን ገዝተዋል። የመጣው ዳኛ ከተበዳዮቹ መካከል የመጣ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። ድምፁ የሚመዘነው በሰው ቁጥር ሳይሆን በኢተር መጠን ነበር፤ 87 በመቶው መመለሱን ደገፈ። የተሳተፈው ግን በዓለም ካለው ኢተር ሁሉ 5.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ የወጣው ዋናው የመረቡ ሶፍትዌር እትም ለተጠቃሚው ምርጫ ሰጥቶ ነበር፤ ምንም ላልመረጠ ሰው ግን ፎርኩን እንደደገፈ ይቆጥረዋል። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። እንደ ብዙ ስብሰባ ሁሉ ውሳኔውን የወሰነው ዝም ያለው ነው።

ሐምሌ 13 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በብሎክ ቁጥር 1,920,000፣ ፎርኩ ተፈጸመ።

## የሠራውና ያልሠራው

ገንዘቡ ተመለሰ። አጥቂው በዋናው መረብ ላይ የያዘው ነገር አልነበረም። 150 ሚሊዮን ዶላር ለተባለ አደጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም በቦታው ብኖር፣ ሆዴን እየቆረጠኝም ቢሆን፣ ለመመለሱ ድምፅ እሰጥ ነበር።

ጉዳዩ ግን በዚያ አልተዘጋም። ፎርኩን ያልተቀበሉ ሰዎች የድሮውን መዝገብ መጻፍ ቀጠሉ። ብዙዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ሐምሌ 17 ቀን አንድ ትልቅ የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ መድረክ የድሮውን መዝገብ ኢተር ለሽያጭ ሲያቀርብ ኢቴሪየም ክላሲክ የሚል ስም ይዞ ዳነ። በዚያ መዝገብ ላይ አጥቂው የወሰደው 3.6 ሚሊዮን የእርሱው ሆኖ ቀረ። አንድ ታሪክ፣ ሁለት ፍርድ፣ ሁለቱም እስከ ዛሬ እየተጻፉ ነው።

መከፈሉ ያልታሰበ መዘዝም አመጣ። ሁለቱ መረቦች አንድ ዓይነት ፊርማ ስለሚቀበሉ፣ በአንዱ ላይ የተፈረመ ክፍያ በሌላው ላይም ተደግሞ ሊቀርብ ቻለ። አንዳንድ መገበያያዎች ለደንበኛ አዲሱን ኢተር ሲከፍሉ ሳያውቁት ክላሲኩንም አብረው ሰጡ። መረቦቹን በመለያ ቁጥር የሚለየው ማስተካከያ ኢቴሪየም ላይ ሥራ ላይ የዋለው በኅዳር 2009 ዓ.ም. ነው። ክላሲክም በአነስተኛ የኮምፒውተር ጉልበት መቅረቱ ጎድቶታል፤ በ2011 ዓ.ም. እና በ2012 ዓ.ም. ከመረቡ ጉልበት የሚበልጠውን የያዙ አጥቂዎች መዝገቡን ወደ ኋላ ተመልሰው ጽፈውበታል። አይነኬነትን መርጦ የቀረው መዝገብ በዚህ መንገድ መነካቱን እንደ ቀልድ የሚያወሩት አሉ፤ እኔን አያስቀኝም።

የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶችና ገበያ ኮሚሽን በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የዘ ዳኦ ቶክን በሕጉ መሠረት የዋስትና ሰነድ ነው አለ። ክስ አልመሠረተም። ያልተማከለ ነው፣ ኮድ ብቻ ነው ማለት ከሕግ እንደማያስመልጥ ግን በግልጽ ተጻፈ።

## ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ለፕሮግራም ጸሐፊ ትምህርቱ አንድ መስመር ነው፦ መጀመሪያ መዝግብ፣ ቀጥሎ ክፈል። ዛሬ ብዙ የስማርት ኮንትራት ትምህርቶች ይህን ያነሣሉ። ሆኖም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አንድ የብድር ኮንትራት በዚሁ ዓይነት ቀዳዳ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወስዶበታል፤ የወሰደው ሰው በኋላ መለሰው እንጂ። ስለዚህ ትምህርቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ካዝናው ሲከፈት ጣሪያ ይኑረው። ዘ ዳኦ 1 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቢቆም ኖሮ ስህተቱ የኮድ ስህተት ሆኖ ይቀር ነበር። 14 በመቶ ሲይዝ ግን የመላው መረብ ጉዳይ ሆነ፤ ሃርድ ፎርክን ያመጣው የበደሉ ክብደት ሳይሆን የካዝናው ስፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

መዘግየት ሁለት ፊት እንዳለውም እዚህ ታየ። 27 ቀኑ ገንዘቡን አዳነ፤ 14 ቀኑ ማስተካከያውን አዘገየ። ገንዘብ ሲወጣ ቀስ የሚል፣ አደጋ ሲታይ ግን ወዲያው የሚቆለፍ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ለመቆለፍ ደግሞ ቁልፍ የያዘ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው መሰየም ያልተማከለ ለሚባል ነገር እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። ዘ ዳኦም ዳኛ አያስፈልገኝም አለ፤ በጭንቅ ቀን ግን ዳኛ ፈለገ፤ ያገኘውም ያልተመረጠ፣ ወሰን ያልተሰጠው፣ ራሱ ባለጉዳይ የሆነ ዳኛ ነው።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ከካርዳኖ ብሎክቼይን ሠሪ ኩባንያ ጋር ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች መለያና የውጤት መዝገብ ለመሥራት የተደረሰው ስምምነት ይፋ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የወደደው ውጤት ተጭበርብሮ አይቀየርም መባሉን ነው። እኔ የጠየቅሁት መምህሩ 86 ሊጽፍ 68 ቢጽፍስ የሚለውን ነበር። የተሳሳተ ውጤት የሚያርመው ማን ነው? ማን አቤት ይላል? በስንት ቀን? የእቁብ መተግበሪያ እየሠራን ነው ብለው ለሚያማክሩኝ ወጣቶችም ከኮዱ በፊት የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው፤ አብዛኞቹ የሚያሳዩኝ ግን ኮዱን ነው።

## ሁለተኛው አቤቱታ

ጥቅምት 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌላ ነገር ሆነ። ፓሪቲ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው በርካታ የኢቴሪየም ቦርሳዎች (ኢተር የሚቀመጥባቸው ኮንትራቶች) የሚጋሩት አንድ ኮድ ነበር። አንድ ተጠቃሚ ባለቤት የሌለው ሆኖ የቀረውን ይህን ኮድ የራሱ አደረገው፤ ከዚያም አጠፋው። በእርሱ የሚሠሩት ቦርሳዎች ሁሉ ደረቁ። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልወሰደም፤ ገንዘቡ ሁሉም እያየው ተቆለፈ። 513,774 ኢተር ነበር።

ባለቤቶቹ ለዘ ዳኦ የተደረገው ለእኛም ይደረግልን ብለው አቤት አሉ። ጥያቄያቸው ከመጀመሪያው ይልቅ የቀለለ ይመስለኛል፤ ከአጥቂ የሚወሰድ ነገር የለም፤ የጠፋውን ኮድ መልሶ መትከል ብቻ ነው። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ 55 በመቶው ተቃወመ። የተቆለፈው ከኢተር ሁሉ ግማሽ በመቶ ያህል ነበር፤ ባለቤቶቹም ጥቂት መቶዎች ናቸው። ሌላ ድርድር ቀጠለ፤ ሌላ ሐሳብ ቀረበ፤ ቀስ በቀስ ጩኸቱ በረደ። ቦርሳዎቹ እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ ይታያሉ፤ ማንም ሰው አድራሻቸውን አስገብቶ ሒሳባቸውን ማየት ይችላል።